የጣሪያ ሥር ክፍላችን በበጋ ያንጠባጥባል

ለጣሪያና ኮርኒስ ሥራ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ የብርድ መከላከያ ሥራው እንዲስተካከልልኝ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ። በጥቅምት ወር በአባቴ አሮጌ ቤት ጣሪያ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ የልጆቼ መኝታ እንድታደርጉልኝ ተዋውለን ነበር። ቀብዱንም ቀሪውንም በሰዓቱ ከፍያለሁ። ልጆቹ ግን እዚያ ያደሩት ዘጠኝ ሌሊት ብቻ ነው።

የደብረ ብርሃንን ብርድ ለእናንተ አልነግራችሁም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለነው፤ በታኅሣሥ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነው የሚነጋው። ገንዘቤን ያወጣሁትም ለዚሁ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት 3 ሰዓት ግድም፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስትመታው፣ ከኮርኒሱ ውሃ ይንጠባጠብ ጀመር። የትንሿ ልጄ ፍራሽ ራሰ። ስደውል ሠራተኛችሁ «ቆርቆሮው ተበስቶ ይሆናል» አለኝ። በታኅሣሥ የምን ዝናብ? አንዱን ቺፑድ ነቅዬ እጄን አስገባሁ። ለብርድ መከላከያ ያስገባችሁት የመስታወት ሱፍ እንደታጠበ ጋቢ ከበደኝ። ስጨምቀው ውሃው እስከ ክርኔ ወረደ። በየምስማሩ ጫፍ ላይ ጠብታ ተንጠልጥሏል።

ሌሊት ቆርቆሮው ክፉኛ ይቀዘቅዛል። የልጆቹ ትንፋሽና ከታች የሚወጣው የማድቤት እንፋሎት በሱፉ አልፎ ቆርቆሮው ላይ ውርጭ ይሠራል፤ ፀሐይ ስትወጣ ይቀልጣል። ለዚህ ነበር ከቺፑዱ በላይ፣ ከሱፉ በታች፣ እንፋሎቱን የሚያግድ ላስቲክ መወጠር የነበረበት። በሱፉና በቆርቆሮው መካከልም አየር ከታች ገብቶ በአናቱ የሚወጣበት ክፍተት ያስፈልጋል። እናንተ ላስቲኩን ተዋችሁት፤ አባቴ ለአየር ብሎ የተወውን ቀዳዳ ሳይቀር በፎም ደፈናችሁት። 10 ሳንቲ ሜትር ሱፍ 6 ሳንቲ ሜትር ቦታ ውስጥ ጠቀጠቃችሁ። ሱፍ የሚያሞቀው በያዘው አየር ነው፤ ከተጠቀጠቀና ከራሰ ምን ይረባል? ብርድ ልብስ በሚመረትበት ከተማ ይህ የሚጠፋችሁ አልመሰለኝም ነበር።

ሌላም አለ። የመብራት ገመዱ ያለ ቱቦ ፎሙ ውስጥ ተቀብሯል። ፎም እሳት ይይዛል። ከሁሉም በላይ እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ እርጥቡ ሱፍ ይነቀል፤ ገመዱ በቱቦ ይግባ፤ ሥራው በእናንተ ወጪ እንደገና ይሠራ። ሞራሌው በደንብ ሳይደርቅ ግን እንዳትሸፍኑት፤ ይበሰብሳል። አባቴ በእጁ የመታው ነው።

በዚህ ሳምንት ባለሙያ ላኩልኝ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይምጣ፤ ከረፈደ ጠብታውን አያገኘውም።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ