ያ በር ተዘግቷል ወይ? ለሶማሊያ የመከላከያ ሚኒስትር ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር አህመድ ሞአሊም ፊቂ
የሶማሊያ ፌዴራላዊ ሪፐብሊክ የመከላከያ ሚኒስትር
ሞቃዲሾ

ክቡር ሚኒስትር፣

የአገርዎን የስለላ ተቋም መርተዋል። በ2022 የአገር ውስጥ፣ በ2024 የውጭ ጉዳይ፣ በሚያዝያ 2025 ደግሞ የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ (ዓመቶቹን በእናንተ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው)። የምጽፍልዎት በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ዘመንዎ ስለተናገሩት አንድ ነገር ነው።

በመስከረም 2024 ኢትዮጵያ ከሶማሊላንድ ጋር የፈረመችውን የባሕር በር የመግባቢያ ስምምነት ከገፋችበት፣ ከኢትዮጵያ ታጣቂዎች ጋር መገናኘት ለእናንተ ክፍት አማራጭ እንደሆነ በቴሌቪዥን ተናገሩ። ገና እዚያ ደረጃ እንዳልደረሳችሁም ጨምረዋል። ንዴትዎ ይገባኛል። ስምምነቱ የተፈረመው ከሞቃዲሾ ጀርባ ነው፤ ሙሉ ይዘቱን እኛ ኢትዮጵያውያንም አላየነውም።

ግን ያ አማራጭ ተሞክሯል። ሲያድ ባሬ ኢትዮጵያ ውስጥ ይዋጋ የነበረውን የምዕራብ ሶማሊያ ነጻ አውጪ ግንባርን ሲያስታጥቁ፣ ደርግ በበኩሉ የሶማሊያን አማፂያን አስጠግቶ ነበር። በሚያዝያ 1988 መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ሲያድ ባሬ አንዱ የሌላውን ታጣቂ መደገፍ እንዲያቆም ተስማሙ። መጠጊያ ሊያጣ የነበረው የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ቡርኦና ሀርጌሳ ገባ። የሲያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከራሷ ከሀርጌሳ ማረፊያ እየተነሡ ከተማዋን ደበደቧት፤ ሕዝቡ ድንበር ተሻግሮ ሐርትሼክ ላይ በድንኳን ሰፈረ። በ1991 ሶማሊላንድ ነጻነቷን አወጀች። እርስዎን ያስቆጣው ሰነድ ላይ የፈረመችው ሶማሊላንድ ከዚያ ጦርነት የወጣች ናት፤ ደርግም ቢሆን ካስጠጋቸው አማፂያን ምንም ሳያተርፍ በዚያው ዓመት ወደቀ።

የዛቻዎ ምክንያት ዛሬ እንደያኔው አይደለም። በአንካራ ድርድር ከያኔው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራችን ከአምባሳደር ታዬ አጽቀ ሥላሴ ጋር ሲነጋገሩ፣ የቱርክ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሃካን ፊዳንም በመካከል ሲመላለሱ፣ ነገሩ እንዴት እንደከበደ ከማንም በላይ ያውቁታል። ያም ሆኖ ታኅሣሥ 11 ቀን 2024 መሪዎቻችን እዚያው አንካራ ተስማሙ፤ በየካቲት 2025 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ ሞቃዲሾ መጡ። ወታደሮቻችንም እዚያው እናንተ ዘንድ ናቸው፤ አንዳንዱ በአፍሪካ ኅብረት ተልዕኮ ሥር፣ አንዳንዱ በሁለቱ አገሮች ስምምነት።

ስለዚህ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው፦ ያ አማራጭ መዘጋቱን በአደባባይ ይናገሩ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዛቻ የድርድር ዘዴ ነው ብለን ልናልፈው እንችላለን፤ መሣሪያው በእጁ ያለ የመከላከያ ሚኒስትር ዝም ሲል ግን ድንበር ላይ የሚኖር ሰው እንደዚያ አያየውም። በሐምሌ 2022 አልሸባብ ወደ ሶማሌ ክልል አፍዴር ዞን ሲሻገር ያየ ሰው፣ ታጣቂ የማንም ይሁን የማን፣ መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ እንደሆነ ያውቃል።

ይህንኑ ለእኛዋ የመከላከያ ሚኒስትር ለኢንጂነር አይሻ መሐመድም እጠይቃለሁ። መንግሥትዎ ኢትዮጵያ ወደ ፑንትላንድ መሣሪያ አስገብታለች ብሎ ከሷል፤ እኛም መልሱን መስማት እንፈልጋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ኢትዮጵያዊ ጎረቤትዎ