ልጄ፣ ከመመዝገብህ በፊት ሰዓቱን አስላ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ አባቴ? እንቅልፍህ፣ ምግብህ፣ ትምህርትህ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

በኦንላይን የፖከር ውድድር መጫወት መጀመርህን ሳትደብቅ ስለነገርከኝ አመሰግንሃለሁ። ቁማር የሚለው ቃል በቤታችን እንዴት እንደሚሰማ ታውቃለህ። ብትተወው ደስታዬ ነው። ግን 18 ዓመት አልፎሃል፣ የእንግሊዝ ሕግም ፈቅዶልሃል። ስለዚህ የምትጫወት ከሆነ ዲግሪህን ሳይነካ እንዴት እንደሚያዝ በዝርዝር ልጻፍልህ።

ከካርታው ይልቅ የሚያስቸግርህ ሰዓቱ ነው። በተራው የገንዘብ ጠረጴዛ ላይ ሲበቃህ ቺፕህን ይዘህ ትነሣለህ። ውድድር ላይ ግን ተነሥተህ ብትሄድ ብላይንዱ፣ ማለትም በየተራ የግድ የሚከፈለው መነሻ ውርርድ፣ ቺፕህን በልቶ ይጨርሰዋል። (ሰዓቱን ሁሉ በእንግሊዝ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ) ማታ 7 የሚጀምር፣ ብላይንዱ በየ10 ደቂቃው የሚያድግ፣ 1,000 ሰው የገባበት ውድድር እስከ ሌሊቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ገንዘብ የሚደርሳቸው ከገቡት 15 በመቶ ያህሉ ናቸው፤ ከእነሱም አብዛኞቹ የመግቢያቸውን እጥፍ አካባቢ ይዘው ይወጣሉ። ትልቁ ገንዘብ የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ነው። እዚያ የምትደርሰው ከአምስት ስድስት ሰዓት በኋላ፣ ዓይንህ ሲደክምና የነገው ትምህርት ሲያስጨንቅህ ነው። እስከ መጨረሻው መቆየት የማትችልበትን ውድድር መግባት ማለት መግቢያውን ከፍለህ፣ ዋጋ ያለውን ክፍል ለሌላ ሰው መተው ነው። ስለዚህ ስትመዘገብ «ስንት ሰዓት ይጀምራል?» ሳይሆን «ካሸነፍኩ ስንት ሰዓት ያልቃል?» ብለህ ጠይቅ። መልሱ ከማታ 11 ሰዓት ካለፈና ጠዋት 9 ላይ ትምህርት ካለህ አትግባ። ትልልቆቹ ውድድሮች እሁድ ማታ መሆናቸው ለተማሪ የከፋ ነው። ዓርብን ምረጥ፤ ወይም እስከ 180 ሰው ብቻ የሚገባበትን፣ ብላይንዱ ቶሎ ቶሎ የሚያድገውን ቱርቦ ምረጥ። እሱ በሁለት ሦስት ሰዓት ያልቃል።

ሌላው ሌሊት የሚበላው ነገር ደግሞ ቶሎ መውጣት ነው። አብዛኛውን ቀን ሳይከፈልህ ነው የምትወጣው፤ ማታ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥተህ ዘግይቶ መመዝገብ የሚፈቅድ ሌላ ውድድር ክፍት ታያለህ፣ «አንድ ብቻ» ትላለህ። ለዚህ የምዝገባ መዝጊያ ሰዓት አብጅለት፦ ከ8 ሰዓት በኋላ አዲስ ምዝገባ የለም። ድጋሚ መግባትንም እንደ አዲስ ምዝገባ ቁጠረው። ሁለት ጊዜ ድጋሚ የገባህበት የ11 ፓውንድ ውድድር የ33 ፓውንድ ውድድር ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልምጣ፤ ኢኮኖሚክስ ስለምታጠና ቶሎ ይገባሃል። ከ11 ፓውንዱ 10ሩ ወደ ሽልማቱ፣ 1ዱ ወደ ድርጅቱ ይሄዳል። ያንን ከፍሎም በአማካይ በየውድድሩ የመግቢያውን 20 በመቶ የሚያተርፍ ጎበዝ ተጫዋች አለ እንበል። በ100 ውድድር የሚጠበቅለት ትርፍ 20 መግቢያ ነው። ሽልማቱ ጥቂቶች ጋ ስለሚከማች ግን የአንድ ባለ 1,000 ሰው ውድድር ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ ማለትም ውጤቱ ከአማካዩ የሚዋዠቅበት መጠን፣ በግምት 6 መግቢያ ይሆናል፤ በ100 ውድድር 60 ደረሰ ማለት ነው። 20 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 60! በዚህ ውስጥ ጎበዙን ከደካማው መለየት አትችልም። በ1,000 ውድድር ትርፉ 200፣ መዋዠቁ 190 አካባቢ ይሆናል፤ ገና ያኔ ነው ችሎታው መታየት የሚጀምረው። በሳምንት 4 ውድድር፣ በዓመት 30 ሳምንት ብትጫወት በሦስት ዓመት 360 ትደርሳለህ። ጎበዝ መሆንህን ፖከሩ ሳይነግርህ ዲግሪህ ያልቃል አባቴ። በኅዳር አንድ ትልቅ ገንዘብ ብታገኝ ትምህርቱን ለማቆም ማስረጃ አይሆንም፤ ሦስት ወር ብትከስርም ደደብ ነህ ማለት አይደለም። ሁሉም የሚጠቅሰው አሜሪካዊው ክሪስ መኒሜከር በ2003 በ86 ዶላር ማጣሪያ ጀምሮ በዓለም የፖከር ሻምፒዮና 2.5 ሚሊዮን ዶላር ሲያሸንፍ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር፤ በዚያ ውድድር ከእሱ ጋር ሌሎች 838 ሰዎች ገብተዋል።

ገንዘቡን በተመለከተ አልለማመጥህም። የመኖሪያ ብድርህ በዓመት ሦስት ጊዜ ነው የሚገባው፤ አካውንትህ ሞልቶ የምታይበት የተርሙ መጀመሪያ ሳምንት በጣም አደገኛው ነው። ከዚያ ብድር አንድ ፓውንድ እንዳይነካ። ለጨዋታ የለየኸው ገንዘብ ቢያንስ 100 መግቢያ መሸፈን አለበት፤ 300 ፓውንድ ካለህ የምትገባው የ3 ፓውንድ ውድድር ነው። ሲቀንስ ውድድሩንም አሳንስ። ሲያድግ ትርፉን ወደ ባንክህ አውጣ። የወር የማስገቢያ ጣሪያ ዛሬውኑ ወስን፤ ጣሪያውን ለመጨመር ቢያንስ 24 ሰዓት መጠበቅ ግዴታ ስለሆነ በንዴት ሌሊት ያድንሃል። ከጓደኛ መበደር፣ የዕቁብ ገንዘብ መንካት ፈጽሞ አይታሰብም።

የፖከር ጥናትህንም በልክ አድርገው፦ ለሦስት ሰዓት ጨዋታ አንድ ሰዓት፣ በማግስቱ፣ ስትረጋጋ። ስትጫወት ያጠራጠሩህን እጆች (የካርታ ዙሮች) ምልክት አድርግባቸው፣ በኋላ ሁለት ሦስቱን ብቻ በደንብ መርምር። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተውን ልንገርህ። ጠረጴዛው ላይ 100 አለ፣ ሰውየው 50 ወረወረ፤ 50 ከፍለህ 200 ለሚሆን ገንዘብ ስለምትወዳደር 25 በመቶ ዕድል ያስፈልግሃል። ፍሎፕ ላይ (የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጋራ ካርዶች ሲገለጡ) ለፍላሽ፣ ማለትም ለአምስት አንድ ዓይነት ምልክት ካርዶች፣ 9 ካርድ ስትጠብቅ 35 በመቶ ነው ይሉሃል፤ ያ ግን የቀሩትን ሁለቱንም ካርዶች ካየህ ነው። ሰውየው በሚቀጥለውም ካርድ ላይ ሊወረውር ቺፕ ካለው በዚህ ዋጋ የገዛኸው አንድ ካርድ ብቻ ነው፤ ዕድልህ 9 ለ47፣ 19 በመቶ ነው። ከዚህ በኋላ የምታጠናው ቺፕህ ከ10 ቢግ ብላይንድ (ከትልቁ የግድ ውርርድ 10 እጥፍ) በታች ሲወርድ ሁሉንም ቺፕ መወራረድ ወይም እጁን መተው የሚለውን ይሁን፤ በቱርቦ ብዙ ውሳኔ እዚያ ነው። የመፍቻ ሶፍትዌር፣ ማለትም ትክክለኛውን ውሳኔ የሚያሰላው ፕሮግራም፣ ከጨዋታ በኋላ ብቻ ይከፈት፤ እየተጫወቱ መክፈት አካውንት ያስዘጋል።

መስከረም አካባቢ የበጋ ሥራ ልምምድ ማመልከቻ ይከፈታል፣ ብዙዎቹም ከፈረንጆቹ ገና በፊት ይዘጋሉ። ያ ወቅት የሳምንቱ ውድድር ከ4 ወደ 1 ይውረድ። ፈተና ሲቃረብ ደግሞ በፈቃድህ ብቻ አትመካ፤ ድርጅቶቹ እስከ 6 ሳምንት አካውንትህን የምታሳርፍበት ቁልፍ እንዲኖራቸው ግዴታ አለባቸው። ከፈተናው ሦስት ሳምንት ቀደም ብለህ ተጫነው።

በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ገንዘብ ካስገባህ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛህ ለጓደኞችህ ከዋሸህ፣ ወይም ስለከሰርክ ክፍል ከቀረህ፣ ይህ የሰዓት ማስተካከል ጉዳይ መሆኑ አብቅቷል። ያኔ ጋምስቶፕ በሚባለው፣ ራስን ከኦንላይን ቁማር በሚያግደው የእንግሊዝ አገልግሎት ላይ ተመዝገብ፤ ከ6 ወር፣ ከ1 ዓመትና ከ5 ዓመት መርጠህ ሁሉንም ፈቃድ ያላቸውን የኦንላይን ድርጅቶች በአንዴ ይዘጋብሃል፣ ጊዜው ሳያልቅም አይከፈትም። የቁማር እርዳታ ስልክ መስመሩ 0808 8020 133 ቀንም ሌትም ነጻ ነው። እኔም ሌሊት ብትደውል አነሣለሁ፤ አልቆጣህም።

በሚቀጥለው ስትመጣ የገባህበትን ቀን፣ መግቢያውን፣ የወጣህበትን ሰዓትና የተኛህበትን ሰዓት በአንድ ሠንጠረዥ ጽፈህ አምጣልኝ። የገንዘቡን ዓምድ ባትሞላውም ግድ የለም፤ የእንቅልፉን ነው ማየት የምፈልገው።

የምትወድህ እናትህ