ጫካ ለማየት ብር የከፈልኩበት ቀን

አባባ፣ እማ፣ ሰሚ እንዴት ናችሁ? የድሬ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? እኔ ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። ባለፈው አባባ «ጫካ ለማየት ብር ትከፍላለህ?» ብለህ ስትስቅ ኔትወርኩ ጠፋና መልሴን ሳልሰጥህ ቀረሁ፣ ዛሬ ኦፍ ስለሆንኩ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልህ ነው። ሰሚ፣ መነጽሩ ጠፋብኝ ካለ አንቺ አንብቢለት ግን እየዘለልሽ እንዳይሆን።

የሄድኩበት ፓርክ ሸናንዶዋ ይባላል፣ እዚሁ አሜሪካ ቨርጂኒያ ነው። በተራራው ጀርባ ላይ 169 ኪሎ ሜትር አስፋልት ተዘርግቷል፣ ፍጥነቱ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ነው ከዚያ በላይ አይቻልም፣ አንተ በኤንትሬ ጭነት መኪናህ የደንገጎን ዳገት ስትወጣ ትዝ አልከኝ። የሚያስቀው ደግሞ ትልቁ ተራራቸው ሆክስቢል 1,234 ሜትር ነው፣ ጎግል ሳደርገው ከድሬ ከራሷ ከፍታ ብዙም አይለይም። እኛ ድሬ ከዚራ ሰፈር ቁጭ ብለን ሻይ የምንጠጣበት ከፍታ ላይ እነሱ ተራራ ወጣን ብለው ፎቶ ይነሳሉ ወላሂ።

ግን ጫካው ሌላ ነው አባባ። ከዛፍ በቀር ምንም አይታይም፣ ዓለም ሲፈጠር ጀምሮ እንዲሁ የነበረ ነው የሚመስልህ። እኔም እንደዚያ ብዬ እየሄድኩ ድንገት መሀል ጫካ ውስጥ ከድንጋይ የተሠራ የጭስ ማውጫ ብቻውን ቆሞ አየሁ፣ ቤት የለ ግድግዳ የለ፣ ምድጃው ግን አለ፣ ድንጋዩ ላይ ጥላሸቱ ሳይቀር አለ፣ በጣቴ ነካሁት። አጠገቡ ያረጀች የፖም ዛፍ። ለካ ይሄ ሁሉ ጫካ የሰው እርሻ ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በፈረንጅ በ1928 የቨርጂኒያ መንግሥት መሬቱን ለፓርክ እየወሰደ ግምት የሚከፍልበት ሕግ አወጣ፣ ወደ 500 የሚጠጋ ቤተሰብ ከተራራው ወረደ። አንዳንዱ ሸጦ በፈቃዱ ሄደ፣ አንዳንዱ አልወጣም ብሎ ፖሊስ አወጣው፣ ተመልሶ እንዳይገባ ቤቱ የተቃጠለበትም አለ። ፓርኩ በ1935 ተቋቋመ፣ በሚቀጥለው ዓመት ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ራሱ መጥቶ መረቀው። ጥቂት ሽማግሌዎችን ብቻ እስክትሞቱ ቆዩ አሏቸው፣ የመጨረሻዋ አሮጊት በ1979 ነው የሞተችው፣ 92 ዓመቷ ነበር። እማ፣ አስቢው እስቲ፣ ጎረቤት ሁሉ ሄዶ ቡና የምትጠሪው ሰው ሳይኖር። ሰዉ ሲሄድ እርሻውን ዛፍ ዋጠው፣ አሁን ከ100 እጅ 95ቱ ጫካ ነው። ለሽርሽር ደግሞ ለጥቁር ለብቻው ቦታ ነበረው፣ ሉዊስ ማውንቴን የሚባል፣ በ1939 ነው የከፈቱት፣ መለየቱ ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1950 ነው። ስሰማ ሳንድዊቼ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

አሁን ወደ እንስሳው ልምጣ፣ አንተ የምትፈልገው እሱን ነው። ድብ አየሁ! መንገድ ዳር መኪና ተደርድሮ ሰው አንጋጦ ቆሟል፣ እኔም ወረድኩ፣ መጀመሪያ የሰማሁት ቅርንጫፍ ሲሰበር ነው ቋ ቋ እያለ፣ ከዚያ ዛፉ አናት ላይ ጥቁር ነገር ተንቀሳቀሰ። ድቡ ቅርንጫፉን ወደ ራሱ ይስብና ሰብሮ ፍሬውን ይለቅማል፣ የብርዱን ወራት ስለሚተኛ በመጸው ነው ስብ የሚያጠራቅመው፣ እኛን ዞር ብሎም አላየን። አጋዘኑማ እንደ ሰፈር ፍየል ነው፣ መቶ ዓመት በፊት በአደን አልቆ ከሌላ ቦታ አምጥተው ነው ያራቡት ቢሉኝ አላመንኩም። የጣት የምታክል ሳላማንደር የምትባል እርጥብ እንሽላሊት የምትመስል ነገርም አለች፣ ሳንባ የላትም በቆዳዋ ነው የምትተነፍሰው፣ አንዷ ዓይነት ደግሞ በዓለም ላይ በዚህ ፓርክ ሦስት ተራሮች ላይ ብቻ ነው ያለችው። እሷን አላየሁም፣ ድንጋይ አታገላብጡ ይላሉ።

ድቡን ሳይ ያ የባቢሌ ወሬህ መጣብኝ፣ ኦቾሎኒ ጭነህ ስትመለስ ኤረር ጋ ዝሆን መንገድ ዘግቶ ሞተር አጥፍተህ መሪ ላይ ተኝተህ የጠበቅከው። ባቢሌ በፈረንጅ በ1970 ለዝሆኑ ተብሎ ተከለለ፣ ከዚያ ሰዉ መሬት ሲያጣ ገባበት። እዚህ ደግሞ ሰዉን አስወጥተው ለድብ ሰጡ። አባባ፣ ማንኛው ይሻላል ብትለኝ ዝሆኑ ቢኖር ደስ ይለኛል፣ ግን ያንን ጥላሸት ነክቼ ከመጣሁ በኋላ ገበሬውን ውጣ በለው ለማለት አፌ አይደፍርም፣ አንተ ግን አገሩን ታውቀዋለህና ስልክ ላይ ንገረኝ።

ከፖሙ አንድ ለቅሜ ቀመስኩ፣ ትንሽ፣ ኮምጣጣ፣ ግማሹን ትል በልቶታል። የአያቴ ግቢ የነበረችው ዘይቱን አለች ወይስ አዲሶቹ ሰዎች ቆርጠዋታል? ሰሚ፣ ሐረር ስትሄጂ በአጥር በኩል አንድ ፎቶ አንሺልኝ። ብሩን ሐሙስ እልካለሁ፣ እማ መድኃኒትሽን ሳታቋርጪ።

ልጃችሁ