በጓሳ ሌሊት ለደረሳችሁልን ሁሉ

ውድ የመንዝ ሰዎች፣ እንዴት ከረማችሁ?

ይህን የምጽፈው ከመሐል ሜዳ፣ ከእናቴ ቤት ነው። ልጆቼ ደጅ ላይ ከዘመዶቻቸው ጋር ይሯሯጣሉ። ትንሿ ልጄ ከሁሉም ፊት ናት። እሷን እንደዚህ ሳያት ዝም ማለት አልቻልኩም።

ለማታውቁን፣ አራት ነን። እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቻችን። እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ኑሯችን ግን ጆሃንስበርግ ነው፤ 14 ዓመት ሆነን። ባለቤቴ መካኒክ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አራቱም ጎማ የሚጎትት አሮጌ የጭነት መርሴዲስ ገዛና ላዩ ላይ ቤት ሠራበት። አልጋ፣ ምድጃ፣ የውኃ ታንከር፣ ጣራው ላይ ሶላር። ፊቱ ላይ ደግሞ ከጭቃ ራሱን የሚጎትትበት ዊንች። ልጆቹ አያታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩ፣ መሀል ያለውን አገር ሁሉ አይተው እንዲመጡ ፈለግን።

ስድስት አገር ነው ያቆራረጥነው። ከ6 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ። በየቦታው ባለውለታ አለን። ካዙንጉላ ላይ ዛምቤዚን ስንሻገር ወረቀታችንን አይቶ የጎደለውን በትዕግሥት ያስሞላን የዛምቢያ ሰው። ቱንዱማ ላይ፣ ያ የከባድ መኪና ሰልፍ ማለቂያ በሌለው ጊዜ፣ ልጆቹን አይቶ ተራውን የለቀቀልን የታንዛኒያ ሾፌር። ኬንያ ውስጥ፣ ማርሳቢት አካባቢ፣ ጎማ ስንቀይር የግመል ወተት ይዛልን የመጣች እናት። ወተቱ ጭስ ጭስ ይላል፤ ዕቃውን አጥነውት ነው። ልጆቹ አሁንም ያነሱታል። ይህን ጽሑፍ ማናቸውም አያነቡትም። ግን ስማቸው ከዚህ እንዳይቀር ፈለግሁ፤ ስማቸውን ባላውቀውም።

ሞያሌን ስንገባ መንገዱ ከግራ ወደ ቀኝ ዞረ። የእኛ መሪ ያለው በቀኝ ነው። ስለዚህ ባለቤቴ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ይነዳል፤ ከፊት የሚመጣውን የማየው እኔ ነኝ። "እለፍ!"፣ "ኧረ ቆይ!" እያልኩ ደብረ ብርሃን ደረስን። ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የቦረቦረውን ዋሻ ለልጆቹ አሳየንና ወደ መንዝ ታጠፍን። የሚቀረን ትንሽ ነው። ጥምቀት በማግስቱ ነበር። እናቴ በስልክ "የት ደረሳችሁ?" ስትል ውላለች።

ጓሳ ላይ መሸብን። ከፊት በቀኝ በኩል "ጧ!" የሚል ድምፅ ሰማን። ባሌስትራው፣ መኪናውን ጎማው ላይ የሚሸከመው የብረት ምንጣፍ፣ ተሰበረ። በመንገዳችን አንድ ከተማ ውስጥ "አዲስ ነው" ተብሎ የተገጠመልን ነው። መኪናው ወደ ቀኝ ጎተተና ቦዩ ውስጥ ገባ። አልተገለበጠም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ተንጋዶ ቀረ። አልጋው ላይ መተኛት ቀርቶ መቀመጥም አይቻልም። ባለቤቴ ዊንቹን ፈትቶ ገመዱን ይዞ ወዲያ ወዲህ አለ። የት ይሰረው? ጓሳ ላይ ሣር እንጂ ዛፍ የት አለ? ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል አለ፤ እሱ ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው።

ከፍታው ከ3 ሺህ 200 ሜትር በላይ ነው። የጥር ውርጭ ነው። ትንሿ ልጄ አስም አለባት። ትንፋሿ ማፏጨት ጀመረ።

የእጅ ባትሪ ብርሃን ያየነው ያኔ ነው። ስድስት ሰዎች ነበራችሁ። ከፊት ባና፣ ያን ወፍራም የበግ ጠጉር ልብስ፣ የደረቡ አንድ አባት። መኪናውን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። "ብረቱ የትም አይሄድም፤ ልጆቹን አንሡ" አሉ። አንዱ ወንድሜ ትንሿን አዘለ። ሌላው ታላቁን በእጁ ያዘ። ሁለታችሁ መኪናውን ልትጠብቁ እዚያው ውርጭ ላይ ቀራችሁ። ሌሊቱን ሙሉ! ይህን ያወቅሁት ሲነጋ ነው።

ያስገቡን ቤት የድንጋይ ነው፤ ክዳኑ የጓሳ ሣር። መሀል ላይ የኩበት እሳት ይነዳል። ያ ሙቀት ሲቀበለን አለቀስኩ። የቤቱ እናት አጎዛ አንጥፈው ልጄን አስተኟት። ጭሱ ግን ሳሉን አባባሰባት። እኔ ምን ልበል? በሰው ቤት፣ በዚያ ብርድ፣ እሳት አጥፉልኝ ይባላል? ዝም አልኩ። ልጄ ሁለቴ ስትስል እማማ ሰሟት። ተነሡ። ገል አነሡና ፍሙን እየዛቁ ደጅ አወጡት። አንድም ሳያስቀሩ። ከዚያ የራሳቸውን ባና አውልቀው ልጄ ላይ ደረቡና በነጠላ ተቀመጡ። ስማቸውን ብጠይቃቸው "ምን ያደርግልሻል? ይልቅ ልጅቷን ቀና አድርገሽ ያዣት" አሉኝ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም በዚያ ሌሊት በእግሯ መጣች። እህቴ፣ የምንነፋላትን መድኃኒት አነፋፍ አስተካከልሽልን፣ እስኪሻላትም አልሄድሽም። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጄ ተኛች። እኛ ሁላችን፣ የቤቱ ልጆች ጭምር፣ እሳት በሌለበት ቤት ተጠጋግተን አነጋን።

ጠዋት ዶማና አካፋ ይዛችሁ መጣችሁ። ባለቤቴ ዘዴውን አስረዳ፤ ስኮርታውን፣ ትርፉን ጎማ፣ ጥልቅ አድርጎ መቅበርና የዊንቹን ገመድ እሱ ላይ ማሰር። ላዩ በውርጭ ደርቋል፤ ዶማው ይነጥር ነበር። እየተቀባበላችሁ ቆፈራችሁ። በግ የጫነ ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና መጣ። ሾፌሩ ገበያው እያለፈበት ቆሞ ከኋላ በሰንሰለት ያዘልን፣ እንዳንገለበጥ። ወንድሜ፣ ያን ቀን የከሰርከውን አላውቅም። መኪናው ጋጋጋ እያለ ሲወጣ እልልታው እስከ ማዶ ተሰማ፤ ጭላዳዎቹ ሳይቀሩ ሸሹ።

የተሰበረውን ባሌስትራ ያሰሩልን እኚያው አባት ናቸው። የእንጨት ደጋፊ አስገቡበት፤ ከዚያ ውኃ ውስጥ ያደረ ጠፍር አምጥተው ደጋግመው ጠመጠሙት። "ፀሐይ ሲያገኘው ይነክሳል" አሉ። እስከ ቀትር ጠበቅን። እውነትም ደርቆ እንደ ብረት ሆነ። ባለቤቴ በ20 ዓመት ሥራው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ቀስ እያልን መሐል ሜዳ የገባነው በዚያ ጠፍር ነው። እዚህ ያለው በያጅ ደግሞ በዓል ሳይል ሠራልን። ታቦቱ ሲገባ ባንደርስም ለቃና ዘገሊላ ደርሰናል።

ልንሄድ ስንል ገንዘብ አወጣሁ። አባባ እጄን መለሱት። "የማን ልጅ ነሽ?" ያሉኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ። የአባቴን ስም ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው "ነፍሱን ይማረው" አሉ። ያውቁታል። ማን እንደሆንኩ ሳያውቁ ነው ሌሊቱን ከእኛ ጋር ያነጉት።

አባባ፣ እማማ፣ ወንድሞቼ፣ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። በጥድፊያ ስንወጣ የእማማን ባና ልጄ ላይ እንደተደረበ ይዘነው መጣን። አሁን እናቴ ቤት ተጣጥፎ ተቀምጧል። ለማድረስ ሁለቴ ሄድን፤ አንዴ ደቦ ላይ፣ አንዴ ልቅሶ ሄደዋል አሉን። ለሌላ ሰው መስጠት ከበደኝ። መንገዱ ዳር፣ ጓሳ ክዳን ቤት፣ በራፋቸው ላይ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ አለ። የምታውቋቸው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንደምንመጣ ንገሩልን። ልጅቷም ትመጣለች በሏቸው።