ለጌቾ፣ ከደብረ ብርሃን

ጌቾ እንዴት ነህ ወንድሜ? እማማስ ደህና ናቸው? ስንት ጊዜ ሆነን ሳንጠያየቅ! ኢንተርኔቱም ተዘግቶ ከረመ፣ መንገዱም እንደምታውቀው ነው፣ እንዲሁ እንደተጠፋፋን ዘመኑ ነጎደ። በጣም ናፍቀኸኛል። አሁን የምጽፍልህ እዚህ ልጆቹ የሠሩትን አንድ ቲያትር አይቼ ከውስጤ አልወጣ ስላለኝ ነው፣ ይሄን ደግሞ ካንተ ሌላ ከማን ጋር አወራዋለሁ።

አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ያለው ልጅ ይሞታል፣ እናትየዋ ከመንዝ ትመጣለች። ባናዋን ደርባ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ገብታ ገና ሙሾዋን ስትጀምር ምራቷ ጠጋ ብላ "እማማ ቀስ ይበሉ፣ ጎረቤት ይረበሻል" ትላታለች። ጓዳ ውስጥ ደግሞ ታናሽ ልጇ የቤቱን ካርታ ይፈልጋል፣ እሱ አይታይም፣ መሳቢያው ሲከፈት ሲዘጋ ብቻ ይሰማል። ሴትዮዋ ዝም አለች። ንፍሮ ሰጧት፣ አንዲት ፍሬ አንስታ ሳትበላ በጣቷ እያሸች መሳቢያውን ታዳምጣለች፣ በቃ። ሙት ስልህ አዳራሹ ውስጥ የተነፈሰ ሰው የለም፣ አጠገቤ የነበሩት እናት ሙሾውን እሷ ካቆመችበት ቀጠሉት።

ከዛ ግን አበላሹት። አንድ ሽማግሌ መድረኩ ጫፍ ድረስ መጥቶ ስለ ጫት ስለ ሺሻ ስለ ገንዘብ ፍቅር ረጅም ንግግር አደረገ፣ ተጨበጨበለትም፣ እኔ ግን ተናደድኩ፣ መሳቢያው ያን ሁሉ ነግሮን ጨርሶ የለ እንዴ! ድሮ እኮ ሰው ምንም ቢከፋ እድሩ ድንኳኑን ሳይነቅል ስለ ውርስ አፉን አይከፍትም ነበር፣ ከተማው ምን እንዳደረገን የገባኝ እዛ ለቅሶ ቤት ውስጥ ነው።

ደግሞ የኛው አገር ሰው አይደሉ የጀመሩት? የመጀመሪያውን የአማርኛ ቲያትር የጻፉት ፊታውራሪ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም የሰያደብር ልጅ ናቸው። የሹማምንቱን ብልሹነት በአውሬዎች አስመስለው አሳዩት እንጂ አልሰበኩም፣ ቤተ መንግሥቱ ግን ነገሩ ገባውና በንግሥት ዘውዲቱ ጊዜ ቲያትር ታገደ።

አንተ የጀመርከው ድርሰት የት ደረሰ? እባክህ ጨርሰው። ከ1927 ጀምሮ ያለው ሀገር ፍቅር አጠገብህ ነው፣ ብሔራዊም አለ፣ የኛዎቹ አዳራሽ ተከራይተው መብራት ሲጠፋ እየጠበቁ ነው የሚሠሩት። እናትየዋን የሠራችውን ልጅ አስተዋውቅሃለሁ፣ ለሷ የሚሆን ነገር ጻፍላት። የጻፍከውን ያህል ላክልኝ፣ ብትመጣ ደግሞ ጋቢ ይዘህ ና፣ ብርዱ ያው ነው።