አዛውንቶቻችን ተኝተው እግር አይክዳቸው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምጽፍላችሁ ከሐዋሳ ነው። አባቴ በሳንባ ምች ታሞ ሆስፒታል ሲገባ በእግሩ ነበር፤ ሲወጣ ግን ሁለት ሰው ደግፎት። ሳንባው ዳነ፣ እግሩ ከዳው። መድኃኒቱ በሰዓቱ ተሰጥቶታል፣ ነርሶቹም ደክመዋል። ግን «ተነስቶ ትንሽ ይራመድ» ያለ አንድም ሰው አልነበረም። አስታማሚው ሁሉ ደግሞ ፍቅሩን የሚገልጸው በማስተኛት ነው፤ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ቀና ሲሉ ከየአልጋው «ኧረ አባባ፣ ይረፉ!» ይባላል።

ይሄ እረፍት ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ የአሜሪካ ጥናት ጤነኛ አዛውንቶች 10 ቀን አልጋ ላይ ብቻ ቆይተው ከእግራቸው ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ስብ ያልሆነ ሥጋ አጥተዋል። ጤነኞቹ! እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የእስራኤል ጥናት ደግሞ ሆስፒታል ተኝተው በቀን ከ900 እርምጃ በታች የሄዱት ይበልጥ አቅም አጥተው እንደተገኙ ያሳያል። 900 ብዙ አይደለም፣ ኮሪደሩን ጥቂት ጊዜ መመላለስ ነው።

እና ለምን አንቆጥርም? ብዙ አስታማሚ ስማርት ስልክ አለው፣ ሌሊቱን ቲክቶክ እያየ ነው የሚያነጋው፣ እርምጃ መቁጠሪያውም እዚያው ስልክ ላይ በነፃ ይጫናል። ቤት ከገባን በኋላ እህቴ ስልኳን በፋሻ አባቴ ቁርጭምጭሚት ላይ አሰረችለት፤ ደረት ኪሱ ውስጥ ሲሆን አይቆጥርለትም ነበር፣ እግሩን እየጎተተ ስለሚሄድ። አሁን ማታ ማታ «ዛሬ ስንት ሆነ?» ይላል። ከትናንቱ ካነሰ ምርኩዙን አንስቶ ግቢውን አንዴ ይዞራል።

ይሄ ሆስፒታል ውስጥ መጀመር ነበረበት። ሐኪሙ ጠዋት ሲዞር ማን መራመድ እንደሚችል፣ ማንስ ያለ ባለሙያ ከአልጋ መውረድ እንደሌለበት ለአስታማሚው በግልጽ ይንገር፤ ስብራት ያለበት፣ ኦክስጅን ላይ ያለ፣ ሲነሳ የሚያዞረው ሰው አለ። ለተፈቀደለት የቀኑ እርምጃ ከሙቀቱና ከግፊቱ ጎን ካርዱ ላይ ይጻፍ፤ ያኔ ነርሷም ታየዋለች፣ ቁጥሩ ሲወርድም ትጠይቃለች። አልጋ ላይ የሚሠራ የእግር እንቅስቃሴ ደግሞ በሲዳምኛና በአማርኛ በድምፅ ተቀድቶ በቴሌግራም ለአስታማሚዎች ቢላክ ምን ይከብዳል? የከተማችን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ይህን ካነበባችሁ እባካችሁ በዚሁ ጋዜጣ መልስ ስጡን፣ የትኛው እንቅስቃሴ ለማን እንደሚሆን ከእናንተ እንስማ።

አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ