ይድረስ ለእትዬ፦ ስለ ልጁ መድኃኒቶች

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ለምወድሽ እትዬ፤ እንደምን ሰነበትሽ? ልጁስ በረታልኝ? የላክሽልኝን የመድኃኒቶቹን ፎቶ፣ የድሮውን የመገጣጠሚያ ሕመሙንም የአሁኑን የደም ካንሰሩንም፣ አንድ በአንድ አይቻለሁ። ሳይውል ሳያድር ወደ ካንሰር ሐኪሙ ሂጂ፤ ከሁሉ ያሳሰበኝ ሜቶትሬክሴቱ ነው።

የመገጣጠሚያ ሐኪሙ ያኔ ያዘዘለትና አሁን ለደም ካንሰሩ የታዘዘለት ያው አንድ መድኃኒት ነው፤ የማሸጊያው ቀለም መለያየት አያታልልሽ። ተደርበው ከተወሰዱ መቅኔው ደም መሥራት ያቅተዋል፣ አፉ ይቆስላል፣ ጉበቱም ይጎዳል። ሐኪሙ የቱ እንደሚቀጥል እስኪነግርሽ የድሮውን አትስጪው። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ቀኑን ካርቶኑ ላይ በትልቁ ጻፊበት። ፍሬ ቆጥረሽ ብቻም አትስጪ፣ ሚሊግራሙን እዪ። 15 ሚሊግራም ከታዘዘለት ባለ 2.5ው 6 ፍሬ ነው፤ ፋርማሲው ባለ 10 ቢሰጥሽና በለመድሽው 6 ብትሰጪው 60 ሚሊግራም ዋጠ ማለት ነው። ፎሊክ አሲዱ ለመገጣጠሚያው ሲወስድ አፉንና ሆዱን ይጠብቅለት ነበር፤ ለካንሰሩ ሲሆን ግን የመድኃኒቱን ጉልበት ሊቀንስ ስለሚችል ሳትጠይቂ አትቀጥዪ።

ለመገጣጠሚያው የታዘዘለት ሰልፋሳላዚኑም አለ። ለደም ካንሰሩ ማታ ማታ የሚወስደውን መርካፕቶፑሪን ከሚያከሽፉት ኢንዛይሞች አንዱን ያግዳል፤ መድኃኒቱ ሰውነቱ ውስጥ ይከማችና ነጭ የደም ሴሉ ያሽቆለቁላል። በሕክምናው መጀመሪያ ሰሞን ለዩሪክ አሲድ የተሰጠው አሎፑሪኖልም እንዲሁ ነው፤ አብረው መሰጠታቸው ግድ ከሆነ ሐኪሙ መርካፕቶፑሪኑን ወደ ሩብ ወይም ወደ ሲሶ ያወርደዋል።

ጉልበቱን ሲያመው ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከሰፈር ፋርማሲ ገዝታችሁ እንዳትሰጡት፣ አደራ! ኩላሊቱ ሜቶትሬክሴቱን ቶሎ እንዳያስወጣ ያደርጋሉ፤ ደም የሚያረጋው ፕላትሌቱ ባነሰበት ሰሞን ያደማሉ፤ ትኩሳቱንም ይደብቃሉ። ፓራሲታሞልም ቢሆን ከመስጠትሽ በፊት ሙቀቱን ለኪው፤ 38 ከሞላ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰጂው።

አንቲባዮቲኩን ባክትሪሙን ግን ፈርተሽ አታቋርጪበት። እሱም ከሜቶትሬክሴት ጋር ሲደመር የደም ሴሉን ሊቀንስ ይችላል፤ ቢሆንም ከከባድ የሳንባ ምች የሚጠብቀው እሱ ነው፤ በሳምንት የታዘዙለትን ቀናት ብቻ ይውሰድ። ስቴሮይዱ ፕሬድኒሶሎኑም በድንገት አይቆምም።

ሁለቱ ሐኪሞች አንዱ የሌላውን ካርድ ስለማያይ፣ ያለቀውንም ያላለቀውንም ማሸጊያ በአንድ ፌስታል ይዘሽ ቅረቢ። የደም ምርመራው ውጤት እንደወጣ በቴሌግራም ላኪልኝ።

እህትሽ